ሦስት ጊዜ የጻፍኩት ማመልከቻ፣ ሁለት ዓመት ፊልድ

የሶሻል ወርክ ማስተርስ ማመልከቻዬን ሦስት ጊዜ ጽፌዋለሁ። የመጀመሪያው «ከልጅነቴ ጀምሮ ሰው መርዳት እወዳለሁ» ብሎ ነበር የሚጀምረው። ከእኔ በፊት ተምራ የጨረሰች ጓደኛዬ አነበበችውና «ይሄን እኮ ሁሉም ነው የሚጽፈው፤ መርዳት እጠላለሁ ብሎ የሚያመለክት አለ?» ብላ መለሰችልኝ። ተናደድኩ። በንዴት በጻፍኩት ሁለተኛው ላይ የቤተሰባችንን ጉድ አንድም ሳላስቀር ዘረገፍኩት። እሱን አንብባ ስትጨርስ ትንሽ ዝም አለችና «አሁን ደግሞ ባለጉዳይ ሆነሽ ነው የቀረብሽው» አለችኝ።

ሦስተኛው ላይ ስለ ራሴ ማውራቱን ተውኩት። ያኔ የምሠራው ቤተሰቦችን በሚደግፍ አንድ ፕሮጀክት ውስጥ ነበር። በአንድ ወር፣ አንድ ዓይነት ድጋፍ የሰጠናቸው ሁለት ቤተሰቦች ነበሩ። አንደኛው በእግሩ ቆመ፤ ሌላኛው በስድስት ወሩ ከነችግሩ ተመልሶ መጣ። ለምን እንደሆነ አልገባኝም። ሪፖርቱ ላይ ሁለቱም «ድጋፍ ያገኙ» በሚለው ሳጥን ውስጥ ነው የተቆጠሩት። ይህንኑ ጻፍኩ፦ ያየሁትን፣ ያልገባኝን፣ ምን ብማር ይገባኛል ብዬ እንደማስብ። ተቀበሉኝ። በኋላ አንድ መምህሬ እንደነገሩኝ፣ መግቢያ ላይ የሚፈልጉት ደግ ሰው ሳይሆን የራሱን ታሪክ ከሌላው ሰው ታሪክ ለይቶ ማየት የሚችል ሰው ነው። የግል ቁስል ያለበት አይምጣ ማለት አይደለም፤ ቁስል ያለበት ሁሉ ይቅር ቢባል ከእኛ ክፍል ብዙ ሰው አይተርፍም ነበር። ግን ቁስሉ ቢያንስ ቅርፊት ይዞ ይምጣ።

ይህን የምጽፈው «ሶሻል ወርክ ማስተርስ ልማር ወይስ ይቅርብኝ?» እያሉ ለሚጠይቁኝ ሰዎች ነው። ብዙዎቹ የሚጠይቁኝ ስለ ኮርሶቹ ነው። ኮርስ ላይ ወድቆ ያቋረጠ ሰው ግን ከእኛ መካከል አላውቅም። ያቋረጡት ፊልድ ላይ፣ ማለትም ተቋም ውስጥ ተመድበው በሚሠሩት የተግባር ልምምድ ላይ ነው፤ የተለወጡትም እዚያው ነው። ስለዚህ እኔም በአብዛኛው የማወራው ስለ ፊልድ ነው።

ከምዝገባ በፊት የሚመጣባችሁ ጥያቄ ክሊኒካል ወይስ ማክሮ የሚለው ነው። ከግለሰብና ከቤተሰብ ጋር ቁጭ ብሎ መሥራት ወይስ ከማህበረሰብ፣ ከፖሊሲ፣ ከድርጅት አመራር ጋር? ክርክሩ ሙያው ሲወለድ አብሮ የተወለደ ነው። ጄን አዳምስ እ.ኤ.አ. በ1889 ቺካጎ ውስጥ ሃል ሃውስ የተባለውን የሠፈር አገልግሎት ቤት ከጓደኛዋ ጋር ስትከፍት ስደተኞችና ድሆች ሠፈር ገብታ አብራቸው መኖርን መረጠች። ከዚያ ቤት የወጣው ሥራ ስለ ሕፃናት ጉልበት፣ ስለ ፋብሪካ ሁኔታ፣ ስለ መንገድ ቆሻሻ ጭምር ነበር፤ በ1931 የኖቤል የሰላም ሽልማትን ከተጋሩት ሁለት ሰዎች አንዷ ሆናለች። ሜሪ ሪችመንድ ደግሞ በ1917 ባሳተመችው ሥራ የአንድን ሰው ሁኔታ ከቤተሰቡና ከአካባቢው ጋር አያይዞ በዝርዝር ማጥናትን የሙያው ዘዴ አድርጋ አስቀመጠች። አንዷ ከሠፈሩ ጀመረች፣ ሌላዋ ከቤቱ። በመሃል፣ በ1915፣ አብርሃም ፍሌክስነር የተባለ የትምህርት ሰው ሶሻል ወርክ ገና ሙያ የሚባል ደረጃ ላይ አልደረሰም ብሎ ተናገረ። ሙያው ከዚያ ወዲህ ሙያ መሆኑን ሲያስረዳ ነው የኖረው። እናንተም ዘመድ «ሰው ለማጽናናት ደግሞ ዲግሪ ያስፈልጋል?» ባላችሁ ቁጥር ማስረዳታችሁ አይቀርም።

እኔ ክሊኒካል መረጥኩ፤ ማክሮ ሪፖርት መጻፍ ብቻ መስሎኝ። ተሳስቻለሁ። የፖሊሲ ኮርሱን በግድ ነው የወሰድኩት፣ ፊልድ ላይ ግን ከሁሉም በላይ የጠቀመኝ እሱ ሆነ። አንዲት ሴት «መብትሽ አይደለም» ተብላ ስትመለስ መመሪያውን አውጥቶ አንቀጹን ማሳየት ከብዙ ማጽናናት ይበልጣል። ትምህርት ክፍላችሁ ከፈቀደ ምርጫውን ከመጀመሪያው ፊልድ በኋላ አድርጉት።

ትምህርት ቤት ስታወዳድሩ ስሙን ትታችሁ የፊልድ ክፍሉን ጠይቁ። ቦታውን የሚፈልገው ማነው፣ እናንተ ናችሁ ወይስ እነሱ? እኔ ይህን አልጠየቅኩም ነበርና ሰባት ቢሮ ደጅ ጠናሁ። እዚያ የሚመደብላችሁ ሱፐርቫይዘር ራሱ ሶሻል ወርከር ነው? ቦታው ባይሆን በመሃል የመቀየር ሥርዓት አለ? ከመደበኛ የሥራ ሰዓት ውጪ መሥራት ይቻላል? ሰዓቱ ስንት ነው? አሜሪካ ውስጥ እውቅና ያለው የማስተርስ ፕሮግራም ቢያንስ 900 ሰዓት ፊልድ ይጠይቃል፤ አውስትራሊያ ውስጥ 1000 ሰዓት ነው፤ እንግሊዝ ደግሞ በቀን ትቆጥራለች፣ 200 ቀን፣ ከዚያ ውስጥ 30ው ለክህሎት ሥልጠና። የመጀመሪያ ዲግሪውን በሶሻል ወርክ የያዘ ሰው በአንዳንድ ቦታ አጠር ባለ ፕሮግራም መግባት ይችላል፤ እንደ እኔ ከሌላ ትምህርት የመጣ ግን ሙሉውን ይሄዳል። ቁጥሩ ወረቀት ላይ ሲታይ ቀላል ነው። 900 ሰዓት ማለት በሳምንት ሁለት ሙሉ ቀን፣ ለሁለት የትምህርት ዓመት ገደማ፣ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ክፍያ ማለት ነው። ሥራ እየሠራችሁ ልትማሩ ካሰባችሁ አለቃችሁን አሁን አነጋግሩ። አንዳንድ ትምህርት ቤት በሥራ ቦታችሁ ፊልድ እንድትወጡ ይፈቅዳል፤ ግን የምትሠሩት ሥራም የሚቆጣጠራችሁም ሰው ከወትሮው የተለየ መሆን አለበት። ይህን በቃል ሳይሆን በጽሑፍ አስጨርሱ።

ክፍል ውስጥ ስላለው ብዙ የምለው የለኝም። የመጀመሪያው ሳምንት እ.ኤ.አ. በ2014 ሜልበርን ላይ የጸደቀውን የሙያውን ዓለም አቀፍ ትርጉም አነበብን፤ ማህበራዊ ፍትህ፣ ሰብዓዊ መብት፣ የጋራ ኃላፊነት፣ ብዝኃነትን ማክበር። ጥሩ ጥሩ ቃላት ናቸው፤ ሸመደድናቸው። በኋላ ብሮንፈንብሬነር የተባለውን የሥነ ልቦና ምሁር ተማርን፣ ሰው በቤቱ፣ በትምህርት ቤቱ፣ በሥራ ቦታው፣ በሕጉ እና በዘመኑ ተከብቦ እንደሚኖር። ክብ በክብ ውስጥ እየሳልን ፈተና አለፍን። የገባኝ ግን ቆይቶ ነው።

የመጀመሪያ ዓመት ፊልዴ ሆስፒታል ነበር፣ የሕፃናት ክፍል። (ከዚህ በታች የማነሳቸው ሰዎች እንዳይለዩ ዝርዝሩን ቀይሬዋለሁ።) የተሰጠችኝ የመጀመሪያዋ ኬዝ ልጇ የስኳር ሕመም ያለበት አንዲት እናት ነበረች። ቀጠሮ ትቀራለች። ፋይሉ ላይ «ተባባሪ አይደለችም» ተብሎ ተጽፏል፣ ከሥሩም በቀይ ተሰምሮበታል።

ተዘጋጅቼ ገባሁ። አርባ ደቂቃ አወራሁ። ኢንሱሊን ሲዘለል ምን እንደሚከተል፣ ቀጠሮ በስልክ ማስታወስ እንደሚቻል፣ ጎረቤት ማስቸገር ነውር እንዳልሆነ ሁሉ ነገርኳት። በእያንዳንዱ ላይ «እሺ» ትለኛለች። አንገቷን ዝቅ አድርጋ፣ በትህትና፣ «እሺ እህቴ»። ደስ እያለኝ ወጣሁ። ማስታወሻዬ ላይ «በሁሉም ነጥብ ተስማምታለች» ብዬ ጻፍኩ።

ፊልድ ላይ ፕሮሰስ ሪኮርዲንግ የሚባል ነገር አለ፤ ተማሪ ሁሉ የሚጠላው። ከአንድ ሰው ጋር ያደረጋችሁትን ንግግር የምታስታውሱትን ያህል ቃል በቃል ትጽፋላችሁ። ገጹ በአምድ ይከፈላል፦ የተባለው፣ እኔ ያኔ የተሰማኝ፣ ምን እየሆነ ነበር ብዬ እንደማስብ፣ የመጨረሻው ለሱፐርቫይዘር ባዶ። የአርባ ደቂቃው ንግግር ሦስት ሰዓት ፈጀብኝ። ሱፐርቫይዘሬ ሙያው ላይ ብዙ ዓመት የቆዩ፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሴት ነበሩ። ወረቀቱን እያገላበጡ «ስንት ጊዜ ነው እሺ ያለችሽ?» አሉኝ።

ቆጠርኩ። አሥራ አንድ።

«አንቺስ ስንት ጥያቄ ጠየቅሻት?»

ሁለት። ሁለቱም «አዎ» ወይም «አይ» ብቻ የሚያስመልሱ።

«ልጄ፣ ይሄ እሺ እኮ አንቺን መሸኛ ነው» አሉኝ።

ያን ቀን ቤቴ ስገባ ያደኩበትን ቋንቋ እንዴት አልሰማሁትም ብዬ ተገረምኩ። እኔ ራሴ በሕይወቴ ስንት ጊዜ ነው «እሺ» ብዬ የማልወደውን ሰው ያሰናበትኩት? እሺ ከስምምነት ይልቅ ጨዋነት የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው፣ በተለይ ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሰው ከቆመው ሰው በላይ ሥልጣን ካለው።

በሚቀጥለው ሳምንት ብዙ ላለማውራት ለራሴ ቃል ገባሁና አንድ ወረቀትና እርሳስ ይዤ ገባሁ። ኢኮማፕ ነው፤ አን ሃርትማን እ.ኤ.አ. በ1975 ያዘጋጀችው መሣሪያ። መሃል ላይ ቤተሰቡ በክብ ይሳላል፣ ዙሪያውን በሕይወታቸው ያሉ ሰዎችና ተቋማት፤ ግንኙነቱ ጠንካራ ከሆነ ወፍራም መስመር፣ የላላ ከሆነ ነጠብጣብ፣ ውጥረት ካለበት የተሰነጣጠቀ። ክፍል ውስጥ የራሳችንን ስለን ስለን ሰልችቶን ነበር። እርሳሱን ለእሷ ሰጠኋት። መጀመሪያ አፈረች። ከዚያ የባሏን እናት ሣለች፤ አልጋ ላይ ያሉ፣ ብቻቸውን የማይተዉ። ወፍራም መስመር፣ በላዩም ስንጥቅ። ቀጥላ እሷ ስትወጣ አሮጊቷን የምትጠብቅላትን አንዲት ጎረቤት። ጎረቤቷ ሥራ አላት፤ ነፃ የምትሆነው በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ነው። የልጁ ክሊኒክ ደግሞ ከሁለቱ ቀናት በአንዱም አልነበረም።

ይህን ማንም አልጠየቃትም። የቀጠሮውን ቀን ለማስቀየር የፈጀው አንድ ስልክ ነው። ፋይሉ ላይ ያለውን ዓረፍተ ነገር ለማስተካከል ግን ሁለት ወር ፈጀብኝ፤ አንዴ «ተባባሪ አይደለችም» የተባለ ሰው በቀላሉ ተባባሪ አይሆንም። ስለዚህ ፋይል ላይ ስትጽፉ ባለጉዳዩ ትከሻችሁ ላይ ቆሞ እያነበበ ይመስል ጻፉ። ይህቺ እናት ከዚያ በኋላም አንድ ቀጠሮ ቀርታለች። ለምን እንደሆነ አልነገረችኝም፤ እኔም አላስጨነቅኳትም።

ክፍል ተመልሼ ስለ ሞቲቬሽናል ኢንተርቪዊንግ ሳነብ ነው የሠራሁት ጥፋት ስም እንዳለው ያወቅኩት። ዊሊያም ሚለር እ.ኤ.አ. በ1983 ከመጠጥ ጋር የሚታገሉ ሰዎችን በተመለከተ ጀምሮት፣ ከስቲቨን ሮልኒክ ጋር ያዳበረው፣ ሰው የመለወጫ ምክንያቱን ራሱ እንዲናገር የሚያግዝ የንግግር ዘዴ ነው። የተጣመመ ነገር ስናይ ወዲያው ለማቃናት እጃችንን የሚሰድደውን ግፊት ሰው የሚረዳ ባለሙያ ዋና ፈተና ያደርጉታል። ሰውየው ልቡ ውስጥ ሁለት ሐሳብ አለው፤ ልለወጥ እና ልቅር። እኛ «ልለወጥ» የሚለውን ቀምተን ከተናገርንለት ለእሱ የሚቀረው «ልቅር» ብቻ ነው፣ ሲከራከርለትም ይበልጥ ያምንበታል። ወይም እንደ እኔዋ እናት «እሺ» ብሎ ይሸኛችኋል። መድኃኒቱ ሲነገር ቀላል ነው፦ በአንድ ቃል የማይመለስ ጥያቄ፣ የሰማችሁትን በራሳችሁ ቃል መልሳችሁ መንገር፣ ያለውን ጥንካሬ ማየት፣ በመጨረሻ ማጠቃለል። ሲሠራ ግን ምላስን መንከስ ነው። እኔ በቃል ሳይሆን በቁጥር ነው የታገልኩት፤ በየፕሮሰስ ሪኮርዲንጉ ግርጌ የሰጠሁትን ምክርና የጠየቅኩትን ጥያቄ እየቆጠርኩ አሰፍር ነበር። ጥያቄው ምክሩን ለመብለጥ አራት ወር ፈጅቶበታል።

ሁለተኛ ዓመት ላይ የወጣሁት ከታዳጊዎች ጋር የሚሠራ ቦታ ነው። እዚያ የሠራሁትን ስህተት እንዳትደግሙት በዝርዝር ልንገራችሁ። የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነች። ለሦስት ሳምንት ስለ ትምህርት፣ ስለ ጓደኞቿ ብቻ ስታወራኝ ቆይታ አንድ ቀን በሩን ዘጋችና «አንድ ነገር ብነግርሽ ለማንም አትናገሪም?» አለችኝ። ጓጓሁ። እውነቱን ለመናገር ኩራትም ተሰማኝ፣ እኔን መርጣ። «ለማንም» አልኳት። ከዚያ ቤት ውስጥ አንድ ትልቅ ሰው የሚያደርስባትን ነገረችኝ።

ይህ በምስጢር የሚያዝ ነገር አይደለም። ልጅ ላይ ጥቃት ሲደርስ፣ ሰው ራሱን ወይም ሌላውን ሊጎዳ ሲል ምስጢር ወሰን አለው። የመጀመሪያው ወር ላይ ተምረነዋል። እ.ኤ.አ. በ1976 የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በታራሶፍ ጉዳይ የሰጠውን ውሳኔ፣ ባለሙያ ለአደጋ የተጋለጠን ሦስተኛ ሰው የመጠበቅ ግዴታ እንዳለበት፣ ፈተና ላይ ሙሉ ነጥብ አግኝቼበታለሁ። ሙሉ ነጥቡ ግን ከአፌ «ለማንም» የሚለውን ቃል አላስቀረልኝም።

ሱፐርቫይዘሬ ዘንድ እየሮጥኩ ሄድኩ። ከተነጋገርን በኋላ ያደረግነው ይህንን ነው። ለሚመለከተው አካል ከማሳወቃችን በፊት መጀመሪያ ለልጅቷ ነገርኳት። ቃል መግባት እንዳልነበረብኝ፣ ጥፋቱም የእኔ መሆኑን፣ የምናገረው ስለማላምናት ሳይሆን ደኅንነቷ ስለሚበልጥ መሆኑን ነገርኳት። መናገር አለመናገሩ ላይ ምርጫ አልነበራትም፤ ሌላው ላይ ግን ነበራት። ስልኩ ሲደወል እሷ ክፍሉ ውስጥ ትሁን ወይስ ውጪ? ከዘመዶቿ መጀመሪያ ማን ይስማ? የትኛውን ክፍል ራሷ ትናገር፣ የትኛውን እኔ? አክስቷ እንድትመጣላት መረጠች። ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት አላናገረችኝም። ትመጣለች፣ ትቀመጣለች፣ ስልኳን ታያለች፣ ሰዓቱ ሲያልቅ ትሄዳለች። እኔም አብሬያት ቁጭ እላለሁ። በአራተኛው ሳምንት የቤት ሥራዋን አወጣችና «ይሄን ታውቂዋለሽ?» አለችኝ። ሒሳብ ነበር። አላውቀውም።

ዛሬ ከማንኛውም ሰው ጋር ገና ስንተዋወቅ፣ ወሬው ሳይሞቅ፣ የምስጢርን ወሰን እናገራለሁ። በቅጽ አስፈርሞ ማለፍ አይበቃም፤ ቅጹን ማን ያነባል? በቀላል ቃል እናገረውና «እኔ ያልኩትን በራስሽ አባባል ንገሪኝ እስቲ» እላለሁ። ሲመልሱልኝ ነው ምን እንደሰሙ የማውቀው።

አሁን ስለ ሱፐርቪዥን። አልፍሬድ ካዱሺን የተባለ የሙያው ምሁር እ.ኤ.አ. በ1976 ሱፐርቪዥን ሦስት ሥራ አለው ብሎ ከፍሎታል፤ አስተዳደራዊ፣ ትምህርታዊ እና ደጋፊ። ብዙ ቦታ የምታገኙት የመጀመሪያውን ብቻ ነው፦ ፋይሉ ተሟልቷል? ሪፖርቱ ደርሷል? በሁለተኛው ዓመት መጀመሪያ ላይ የተመደቡልኝ ሰው ሥራ ይበዛባቸው ነበር። የሳምንቱ ሰዓታችን ወደ አሥራ አምስት ደቂቃ፣ ከዚያ ወደ ኮሪደር ላይ «ሁሉ ሰላም?» ተለወጠ። እኔም «ሰላም ነው» እያልኩ ሁለት ወር ዝም አልኩ፤ ነጥብ የሚሰጡኝ እሳቸው ናቸው ብዬ። ትልቅ ጥፋት ነው። ከትምህርት ቤቱ የተመደበልን አገናኝ መምህር ይህን ለመፍታት ነው ያለው። በመጨረሻ ስነግረው ምንም ግርግር አልተፈጠረም፣ ሌላ ሰው ተተካልኝ። የልጅቷ ነገር የመጣው ከተተካ በኋላ ነው። በፊት ቢሆን ኖሮ ምን አደርግ እንደነበር ማሰብ አልፈልግም። ከጅምሩ የሳምንቱን ቀንና ሰዓት በስምምነት ቅጹ ላይ አስጽፉ፤ ስትገቡም ባዶ እጃችሁን አትግቡ፤ አንድ ኬዝ፣ አንድ ያልገባችሁ ነገር፣ አንድ የተሰማችሁ ስሜት ይዛችሁ ግቡ። ስሜቱን ስትናገሩ ትምህርት አይደለም ብላችሁ አትፈሩ። እኔ አንድን አባት ለምን እንደምፈራው ስናወራ ነው ለምን የቤት ለቤት ጉብኝቱን ደጋግሜ እንደማራዝም የገባኝ።

ድካሙን ደግሞ አልደብቃችሁም። ቻርልስ ፊግሊ እ.ኤ.አ. በ1995 የርኅራኄ ድካም ብሎ የጻፈበት ነገር አለ፤ ከእሱ ቀደም ብለው ደግሞ በ1990 ማካን እና ፐርልማን የሌላውን ሰው ሰቀቀን ደጋግሞ መስማት የሰሚውን የዓለም አመለካከት እንደሚለውጥ ጽፈዋል። እኔ ይደርስብኛል ብዬ የጠበቅኩት ለቅሶ ነበር። አላለቀስኩም። የደረሰብኝ መደንዘዝ ነው። እህቴ ስለ ሥራዋ እያወራችኝ በመሃል አቋረጠችና «ቃለ መጠይቅ የምታደርጊልኝ ነው የሚመስለው፤ እህቴ የት ሄደች?» አለችኝ። አንገቴን እየነቀነቅኩ፣ የተናገረችውን መልሼ እየነገርኳት ነበር፣ ልክ እንደ ተማርነው። ከዚያ ወዲያ ነው የተማሪዎች ምክር አገልግሎት ሄጄ እኔም በሌላኛው ወንበር የተቀመጥኩት። ስምንት ጊዜ ሄድኩ። ከጠቀሜታው ሁሉ በላይ መጠበቂያ ክፍል ውስጥ መቀመጥ ምን ያህል እንደሚያሳንስ አየሁ።

ስለ ቴሲስ፣ ስለ መመረቂያ ጽሑፉ፣ አጭር ልሁን። ርዕሴ መጀመሪያ «ድህነት በቤተሰብ ላይ የሚያደርሰው ተጽዕኖ» ነበር። አማካሪዬ ሳቁ፤ «ይሄን ዕድሜ ልክሽን ትጽፊዋለሽ» አሉ። ሥር የሰደደ ሕመም ያለባቸው ልጆች ወላጆች ለምን ቀጠሮ እንደሚቀሩ፣ ከአሥራ ሁለት ሰዎች ጋር በሚደረግ ቃለ መጠይቅ፣ እስከሚለው ድረስ ጠበበ። ያቺን እናት ጨምሮ የማውቃቸውን ሰዎች ላነጋግር አስቤ ነበር። የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴው አልፈቀደም። የረዳቻቸው ባለሙያ ስትጠይቃቸው እምቢ ማለት ይከብዳቸዋል፤ የእነሱ «እሺ» ፈቃድ አይባልም አለ። ያ «እሺ» እዚህም መጣ። ሌላ ቦታ፣ የማያውቁኝን ሰዎች መፈለግ ነበረብኝ፤ ፈቃዱም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሦስት ወር ወሰደ። ስለዚህ ፕሮፖዛላችሁን ቀደም አድርጋችሁ አስገቡ። የአንድ ሰዓት ድምፅ ወደ ጽሑፍ ለመገልበጥ ስድስት ሰዓት ያዙለት። ትንተናው ላይ ብራውን እና ክላርክ እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጡት ባለ ስድስት ደረጃ የጭብጥ ትንተና ለጀማሪ የሚከተሉት መንገድ ይሰጣል። ስታቲስቲክስ የምትፈሩ ደግሞ አትፍሩ፤ እኔም ፈርቼ ነበር፣ አንድ ሴሚስተር ነው።

ገንዘቡ? ሀብታም ያደርጋል ብሎ የነገራችሁ ካለ አትመኑት። ዲግሪው የሚከፍተው በር አለ፤ የክሊኒክ ሥራ፣ የቡድን መሪነት፣ ማስተማር። ከመመዝገባችሁ በፊት ግን መሥራት በምትፈልጉበት ቦታ ያለውን የሙያ ፈቃድ ሕግ አንብቡ። ፕሮግራሙ እውቅና ከሌለው፣ ወይም የፊልድ ሰዓቱ ከሚጠየቀው ካነሰ፣ ዲግሪውን ይዛችሁም ፈቃዱን ላታገኙ ትችላላችሁ።

ወረቀቶቻችሁን ደግሞ ያዙ። የእያንዳንዱን ኮርስ ዝርዝር መግለጫ፣ በሱፐርቫይዘር የተፈረመ የሰዓት መዝገብ፣ የፊልድ ግምገማ ቅጾች። ፈቃድ ሲጠየቅ ወይም ወደ ሌላ አገር ሲኬድ የሚጠይቁት ዲግሪውን ብቻ አይደለም። እኔ የሁለተኛው ዓመት የመጀመሪያ ሁለት ወራት የሰዓት መዝገብ ሳይፈረም ቀርቶብኝ ነበር፣ ያኔ «ሰላም ነው» እያልኩ ኮሪደር ላይ የማልፍበት ጊዜ። ፈራሚው ሥራ ቀይረው ነበርና እሳቸውን ፈልጌ ለማግኘት አራት ወር ፈጀብኝ። ሲያገኙኝ አላስታወሱኝም። ፊርማውን ግን ሰጡኝ።